መንኮራኩሯ ካረፈች በኋላ

ሮኬት ሲነሳ ማየት የማይወድ ሰው አላውቅም። አሁን ደግሞ ተመልሶ በእግሩ ሲያርፍ የሚያሳየው ቪዲዮ በየሰው ስልክ ውስጥ አለ። እኔን ግን የሚይዘኝ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው። ጭብጨባው አልቆ፣ የሥራ ልብስ የለበሱ ሰዎች ባትሪ ይዘው ከሥሯ ሲገቡ። ምን ያያሉ? ምን ይፈታሉ? በመጨረሻ "ትችላለች፣ ትሂድ" ብሎ የሚፈርመው ማን ነው?

እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ የመኪና መካኒክ ነኝ። በብዛት የምሠራው አውቶቡስና የጭነት መኪና ነው። እጄ ይበልጥ የገባው ፍሬንና ኤሌክትሪክ ላይ ነው። ማታ ቤቴ ስገባ ስለ መንኮራኩር ጥገና አነባለሁ። ስለ ጠፈር የሚጽፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ከዋክብቱ ይጽፋል። ስለ ብሎኑ የሚጽፍ ጥቂት ነው። ዛሬ እኔ ስለ ብሎኑ ልጻፍ።

መነሻዬ ረዳቴ ነው። በቀደም ምሳ ሰዓት ላይ አንድ ሮኬት ባሕር ላይ በተዘረጋ መድረክ ሲያርፍ በስልኩ አሳየኝ። "ጋሼ፣ አሁን ነዳጅ ሞልተው ነው አይደል መልሰው የሚለቁት?" አለኝ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ስፔስ ሹትልን፣ የአሜሪካውን የጠፈር ድርጅት የናሳን ተመላላሽ መንኮራኩር፣ ያቀዱት መሐንዲሶችም መጀመሪያ ላይ ወደዚያ የቀረበ ነገር አስበው ነበር። ካረፈች በኋላ በሁለት ሳምንት አዘጋጅተን መልሰን እናስነሳታለን ብለው ነበር። አልሆነም። ለምን እንዳልሆነ ነው የምነግራችሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ሹትል ከ1981 እስከ 2011 ድረስ 135 ጊዜ በረረች። "በረረች" እላለሁ እንጂ አንዲት አልነበረችም። ወደ ጠፈር የወጡት አምስት ናቸው፦ ኮሎምቢያ፣ ቻሌንጀር፣ ዲስከቨሪ፣ አትላንቲስና ኢንደቨር። ምድርን ስትዞር ፍጥነቷ በሰዓት ወደ 28,000 ኪሎ ሜትር ነው። ማኮብኮቢያው ላይ ስታርፍ 350 ገደማ ይሆናል። ለመመለስ ስትነሳ ትንንሽ ሞተሮቿን ለጥቂት ደቂቃ ታነሳለች። ከዚያ በኋላ ፍሬኗ አየሩ ብቻ ነው።

ደሴን ለቆ በሐረጎ በኩል ወደ ኮምቦልቻ የወረደ ሰው ይህን ነገር በአፍንጫው ያውቀዋል። ጭነት የያዘ መኪና ማርሽ ሳይቀንስ ፍሬን ብቻ እየረገጠ ከወረደ፣ ታች ሲደርስ የፍሬን ሸራው ይሸታል። ቸርኬው እጅ አያስነካም። ፍጥነት ዝም ብሎ አይጠፋም፤ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። የሹትሏም ነገር ይኸው ነው፤ ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው። ሆዷ ላይ እስከ 1,260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። አፍንጫዋና የክንፎቿ የፊት ጠርዝ ላይ እስከ 1,650። ከዚያ ሽፋን ሥር ያለው አካሏ ደግሞ አሉሚኒየም ነው። እሱ ከ177 ዲግሪ በላይ እንዲግል አይፈቀድለትም።

በ1,260 እና በ177 መሐል የቆመው ነገር ታይል ነው። ከአሸዋ ዘር ከሆነው ሲሊካ በቀጭን ክር መልክ የተሠራ፣ ውስጡ አብዛኛው አየር የሆነ፣ በጣም ቀላል ነገር። ከምድጃ ገና እየጋመ የወጣውን ታይል ጠርዙን በባዶ እጅ ይዞ ማንሳት ይቻላል። ሙቀት ቶሎ አያሳልፍም። ችግሩ ተሰባሪ ነው። አሉሚኒየሙ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። ትልቅ ታይል ቢለጠፍበት ይሰነጠቃል። ስለዚህ በትንንሹ ቆረጡት። ከሥሩ እንደ ፌልት ያለ ለስላሳ ንጣፍ አደረጉ። በመሐሉ ስስ ክፍተት ተዉ። በአንዲት መንኮራኩር ላይ ከ24,000 በላይ ታይል ነበር። የሰውነቷ ጠመዝማዛ ስለሚለያይ ቅርጹና ውፍረቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል። እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር፣ የራሱ ቦታ፣ የራሱ ታሪክ አለው።

እስቲ ቆም ብላችሁ አስቡት። ከእያንዳንዱ በረራ በኋላ ሰው መሰላል ላይ ወጥቶ፣ ሆዷ ሥር ገብቶ፣ ከ24,000 በላይ ታይሎችን በዓይኑና በእጁ ይፈትሻል። የተቦረቦረ አለ? የላላ አለ? የተሰነጠቀ አለ? አዲስ የተለጠፈው ደግሞ ሙጫው መያዙ እንዲታወቅ በመሣሪያ ይሳባል። ካልያዘ ይነሳል፣ ይጸዳል፣ እንደገና ይለጠፋል፣ ሙጫው እስኪደርቅ ይጠበቃል። ይህን ሥራ ማፍጠን አይቻልም።

የውኃውም ጉዳይ ነበር። ታይሉ አየር የበዛበት ስለሆነ ዝናብ ካገኘው ውኃ ይጠጣል። ውኃው ክብደት ይጨምራል፣ ጠፈር ላይም በረዶ ሆኖ ታይሉን ሊጎዳው ይችላል። ውኃ እንዳይገባው የሚያደርግ ኬሚካል ይጨመርበታል። ያ ኬሚካል ግን በመመለሻው ሙቀት ይቃጠላል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ በረራ በኋላ ታይሎቹን አንድ በአንድ፣ ላያቸው ላይ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ እንደገና መውጋት ነው። ካሊፎርኒያ ስታርፍ ደግሞ በቦይንግ 747 ጀርባ ተጭና ነበር ወደ መነሻዋ ወደ ፍሎሪዳ የምትመለሰው። አውሮፕላኑ ዝናብን እየሸሸ ይበራል። የዝናብ ጠብታ በዚያ ፍጥነት ታይል ይጎዳልና።

የላይኛው አካሏ ላይ ሙቀቱ አነስ ስለሚል ብዙ ቦታ በታይል ፋንታ ጨርቅ ነበር የለበሰችው። ብርድ ልብስ መሰል፣ በሲሊካ ጨርቅ መሐል የሲሊካ ክር የተሞላበት። ያንን የሰፉት ኬፕ ካናቬራል አጠገብ በሚገኘው በኬኔዲ የጠፈር ማዕከል የሚሠሩ ሴቶች ናቸው። ግማሹን በስፌት መኪና፣ ግማሹን በእጅ። ይህን ባነበብኩ ጊዜ ደስ ያለኝ ልነግራችሁ አልችልም። ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከተማ ናት። መርፌና ክር ይዘው ቤተሰብ ያሳደጉ እናቶች በየሰፈሩ አሉ። ስለ ጠፈር ሲወራ ጠፈርተኛው ይነሳል፣ መሐንዲሱ ይነሳል። በመርፌ ሰፍታ ሰው ከእሳት ያወጣችውንም ሴት መጥራት ይገባል።

ወደ ማረፊያዋ ቅጽበት ልመለስ። መንኮራኩሯ ስትቆም በሩ ወዲያው አይከፈትም። ትንንሾቹ ሞተሮች የሚነዱት ሃይድራዚን በሚባል የነዳጅ ዘር ነው። ይሄ መርዝ ነው፤ መተንፈስ አደገኛ ነው። መጀመሪያ የሚጠጉት ሙሉ ልብስ የለበሱ፣ የራሳቸውን አየር የሚተነፍሱ ሰዎች ናቸው። የሚተን ነገር መኖሩን በመሣሪያ ይለካሉ። ከዚያ ከኋላዋ ቱቦ ይገጠማል። በአንዱ ንጹሕ አየር ውስጧን ያጥባል፣ በሌላው ማቀዝቀዣ ይገባል። ጠፈርተኞቹ የሚወርዱት ከዚህ በኋላ ነው። ቀጥሎ ተጎትታ ወደ ጋራዧ ትገባለች። ጋራዥ ያልኩት እኔ ነኝ። እነሱ ረጅም ስም አላቸው። ሥራው ግን ጋራዥ ነው፦ ዙሪያዋን መወጣጫ ከበዋት፣ ፎቅ በፎቅ ሰው ቆሞባት።

ሦስቱ ትልልቅ ሞተሮች ይወርዳሉ። ይህን ልብ በሉልኝ። መጀመሪያ የታሰበው ሞተሩ ሳይነቀል ብዙ ጊዜ እንዲበር ነበር። በተግባር ግን ነቅሎ ወደ ሞተር ክፍል ወስዶ መመርመር የተለመደ ሆነ። ምክንያቱ አያስገርምም። በአንዱ በኩል ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ የሆነ ፈሳሽ ሃይድሮጅን ይገባል፣ ጥቂት ክንድ ራቅ ብሎ ከ3,000 ዲግሪ በላይ የሆነ እሳት አለ። ነዳጁን የሚገፉት ፓምፖች በአስፈሪ ፍጥነት ነው የሚሽከረከሩት። እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ትናንት አልነበረችም ማለት ዛሬ የለችም ማለት አይደለም። ቀጭን ካሜራ በቀዳዳ አስገብቶ የተርባይኑን ምላስ አንድ በአንድ ማየት ነው።

አሁን ወደ ሙያዬ ልግባ፤ ስለ ሽቦ። እያንዳንዷ ሹትል ውስጥ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ሽቦ ነበር። በሐምሌ 1999 ኮሎምቢያ ቻንድራ የሚባለውን ቴሌስኮፕ ይዛ ተነሳች። አዛዧ አይሊን ኮሊንስ ነበረች፤ ሹትልን ያዘዘች የመጀመሪያዋ ሴት። ከመሬት በተነሱ በአምስት ሰከንድ ኤሌክትሪክ ሾርት አደረገ። የሁለት ሞተሮች መቆጣጠሪያ ኮምፒውተሮች ኃይል አጡ። እያንዳንዱ ሞተር መጠባበቂያ ኮምፒውተር ስለነበረው ሞተሮቹ አልጠፉም። ስትመለስ ፈትሸው አገኙት። አንድ ሽቦ ጭንቅላቱ ሻካራ የሆነ ብሎን ላይ ተኝቶ ሽፋኑ ተልጦ ነበር። ነገሩ ያ ብቻ ነው። አንድ ብሎን።

እኔ ይህንን ታሪክ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት። ሽቦ የሚበላው ሥራ ላይ ብቻ አይደለም። ጥገና ላይም ይበላል። ሰው ሌላ ነገር ሊፈታ ገብቶ ይረግጠዋል፣ ወደ ጎን ይገፋዋል፣ ሲወጣ እንደነበረ አይመልሰውም። ስለዚህ መክፈት በራሱ ምርመራ ብቻ ሳይሆን አደጋም ነው። ጥገና በበዛ ቁጥር ደኅንነት ይጨምራል ብሎ የሚያስብ ሰው ይህን አልቆጠረም። ናሳ ያኔ የሠራው ነገር ግን አስደስቶኛል። "መጠባበቂያው ሠርቷል፣ ምንም አልሆነም" ብሎ አላለፈውም። ሹትሎቹ ሁሉ ቆሙ፤ ሽቦዎቻቸው ተፈተሹ። ሌሎችም የተላጡ ተገኙ። ቀጣዩ በረራ በታኅሣሥ ነበር።

በዚያው በረራ ላይ ሌላም ነገር ሆኖ ነበር። ከአንዱ ሞተር ውስጥ፣ ኦክሲጅን የሚያስገባ የተበላሸ ቀዳዳ የተወተፈበት በወርቅ የተለበጠች ትንሽ ፒን ነበረች። ስትነሳ ተፈናጥራ ወጣችና የሞተሩን አፍ መታች። አፉን የሚያቀዘቅዙት ቀጫጭን ቱቦዎች 1,080 ናቸው። ሦስቱ ተቀደዱ። ሃይድሮጅን እስከ መጨረሻው ሲፈስ ነበር። ከዚያ በኋላ ቀዳዳን በፒን መድፈን ቀረ። ይህን ለረዳቴ ስነግረው ዝም ብሎ ቆየና "ጥገናው ነው እንግዲህ የመታት" አለ። አዎ። ለጊዜው ይያዝ ተብሎ የተሠራ ነገር ቆይቶ ነው የሚመታው።

ፈጣኑ ዝግጅት የትኛው ነበር? በ1985 አትላንቲስ በጥቅምት መጀመሪያ በርራ ተመልሳ በኅዳር መጨረሻ እንደገና ተነሳች። ከመነሳት እስከ መነሳት 54 ቀን። በሹትል ዘመን ሁሉ ከዚያ ያጠረ አልተገኘም። ከዚያ ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፣ በጥር 28 ቀን 1986፣ ቻሌንጀር በተነሳች በ73 ሰከንድ ተሰባበረች። ሰባቱም ሰዎች ሞቱ።

የቻሌንጀርን ነገር ሰው "ጎማው ቀዘቀዘ" ብሎ ነው የሚያውቀው። እውነት ነው። በጎን ካሉት ሁለት ደጋፊ ሮኬቶች የቀኙ፣ መገጣጠሚያው ላይ ያለው የጎማ ማኅተም በብርዱ ደርቆ ነበረና እሳት አመለጠ። እኔን ግን የሚያንገበግበኝ ሌላው ነው። እነዚያ ደጋፊ ሮኬቶች ይመለሱ ነበር። በፓራሹት አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ይወድቃሉ፣ ሁለት መርከቦች ይጎትቷቸዋል፣ ይፈታታሉ፣ ይታጠባሉ፣ ክፍሎቻቸው በባቡር ዩታ ይሄዳሉ፣ ተሞልተው ይመለሳሉ። ሲፈታቱ ደግሞ ማኅተሙ የተበላበት ይገኝ ነበር። በጥር 1985 በብርድ ከተነሳ በረራ በኋላ የተመለሰው ሮኬት መገጣጠሚያ ላይ፣ እሳቱ ማኅተሙን አልፎ የተወው ጥቁር ጥላሸት ተገኝቷል። ሮጀር ቦይዦሊ የሚባል የአምራቹ ኩባንያ መሐንዲስ በሐምሌ 1985 ለአለቆቹ ጽፎ አስጠነቀቀ። ቻሌንጀር ልትነሳ አንድ ምሽት ሲቀራት እሱና ባልደረቦቹ አትነሳ ብለው ተከራከሩ። አልተሰሙም።

አንድ ዕቃ ሄዶ መመለሱ ትልቁ ጥቅሙ ብር መቆጠቡ አይመስለኝም። የደረሰበትን ይዞ ይመጣል። የሚጣል ሮኬት ባሕር ውስጥ ሲገባ ጉድለቱንም ይዞ ይሰምጣል። የተመለሰው ግን ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ "እዚህ ጋ ተበላሁ" ይላል። ቻሌንጀር ከመነሳቷ አንድ ዓመት በፊት ይህ ምስክር ቀርቦ ነበር። ያዩት ሰዎች ጽፈውታል። የወሰኑት ግን ያዩት ሰዎች አልነበሩም።

ኮሎምቢያም እንዲሁ ነው። በየካቲት 1 ቀን 2003 ስትመለስ ተበተነች፤ ሰባት ሰው። ስትነሳ ከትልቁ ነዳጅ ታንክ ላይ የረገፈ ፎም የሚባል ስፖንጅ መሰል ሽፋን ቁራጭ የግራ ክንፏን ጠርዝ መትቶ ነበር። ፎም ሲረግፍ ያ የመጀመሪያው አልነበረም። ለዓመታት ሹትሎቹ ታይላቸው ተቦርቡሮ ይመለሱ ነበር፤ ይጠገናል፣ ይበራል። በታኅሣሥ 1988 ደግሞ አትላንቲስ ከደጋፊ ሮኬቷ አፍንጫ በረገፈ ቁራጭ ተመትታ ስትመለስ ከ700 በላይ ታይል ተጎድቶ፣ አንዱ ጭራሽ ወድቆ ነበር። የወደቀበት ቦታ ሥር ወፍራም የብረት ሳህን በመኖሩ ነው የተረፉት። አንድ ጉዳት ሁልጊዜ የሚታይ ሲሆን፣ ዓይን የለመደውን ማስጠንቀቂያ ብሎ መመዝገብ ይተዋል። ይሄ የመካኒክ ሁሉ ጠላት ነው። "ይቺማ ሁሌም እንዲህ ናት" የሚባለው ነገር።

ከኮሎምቢያ በኋላ ፍተሻው እዚያው ጠፈር ላይ ተጀመረ። ረጅም ክንድ ጫፉ ላይ ካሜራና ሌዘር ይዞ ሆዷንና ክንፏን ያያል። በ2005 ዲስከቨሪ ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ስትጠጋ ከጣቢያው ሆዷን ፎቶ ሲያነሱ፣ በታይሎች መሐል ከሚገባው የጨርቅ ቁራጭ ሁለቱ ብቅ ብለው ታዩ። ስቲቭ ሮቢንሰን የሚባለው ጠፈርተኛ በጣቢያው የሮቦት ክንድ ላይ ሆኖ ከሆዷ ሥር ሄደ። መጋዝና ፒንሳ ተዘጋጅቶለት ነበር። አላስፈለገውም፤ በሁለት ጣቱ ሳብ አድርጎ አወጣቸው። ይህንን ምስል ያላያችሁ ፈልጋችሁ እዩት። ጥገና ከዚያ በላይ ከፍታ ላይ ሲሠራ አላየሁም።

ሳልረሳ አንድ ነገር ልጨምር። በ1995 ዲስከቨሪ መነሻዋ ላይ ቆማ ሳለ ግንደ ቆርቁር ወፎች መጥተው የታንኩን ፎም ቆረቆሩት። ወደ 200 ቀዳዳ አወጡበት። ወደ ሕንፃው ተመልሳ መጠገን ነበረባት፤ በረራው ወደ ሐምሌ ተገፋ። እስከዚህ ድረስ ነው የጥገና ሰው የሚያስበው።

እንግዲህ ረዳቴ ያሳየኝ ሮኬት ጋ ደርሰናል፤ ፋልኮን 9። ስፔስኤክስ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው የሚሠራው። በታኅሣሥ 2015 የመጀመሪያው ደረጃ፣ ማለትም የታችኛው ክፍሉ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ምድር ተመልሶ ቆመ። ያገለገለ ሮኬት እንደገና የተነሳው በመጋቢት 2017 ነው። ያኛው አስቀድሞ በሚያዝያ 2016 በርሮ ነበር፤ አንድ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። በ2025 ደግሞ አንዱ በዘጠኝ ቀን ተመልሶ ተነሳ። ከ30 ጊዜ በላይ የበረረም አለ።

ታዲያ ሹትል ያልቻለችውን እንዴት ቻሉ? ሰው "እነዚህ ጎበዞች ናቸው" ይላል። ጎበዞች ናቸው። ግን መጀመሪያ ጥያቄው ራሱ ይለያል። ፋልኮን 9 ላይ የሚመለሰው የታችኛው ክፍል ብቻ ነው። እሱ ምድርን አይዞርም። ከላይኛው ክፍል ሲለያይ ፍጥነቱ በሰዓት 8,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይሄ የሹትሏ ሲሶ አይሞላም። ፍጥነት ሲሶ ሲሆን ደግሞ በእያንዳንዱ ኪሎ ውስጥ ያለው ጉልበት ሲሶ ሳይሆን ዘጠነኛ ነው። መቃጠል ያለበት በጣም ያነሰ ነው። ሲወርድም ሞተሩን አስነስቶ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስለዚህ 24,000 ታይል አላስፈለገውም። የላይኛው ክፍል ግን እስከ ዛሬ በየበረራው ይጣላል።

ሁለተኛው የአሠራሩ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ባርኔጣዬን አነሳለሁ። ዘጠኙ ሞተሮች የሚታሰሩበት ከታች ያለው ክፈፍ ቀድሞ የተበየደ ነበር። በ2018 በመጣው የመጨረሻው ዓይነት ላይ በብሎን እንዲታሰር አደረጉት። ለሚያይ ሰው ትንሽ ነገር ነው። ለሚጠግን ሰው ግን ዓለም ነው። ብየዳ ተቆርጦ ነው የሚከፈተው። ብሎን ይፈታል፣ ይታያል፣ ይታሰራል። አየር ላይ የሚመሩትን ክንፎች ከአሉሚኒየም ወደ ታይታኒየም ቀየሩ። አሉሚኒየሙ ሲመለስ በእሳት ይበላ ስለነበር ነው። የሚያስቸግረውን ዕቃ በየጊዜው እየጠገኑ ከመኖር እንዲህ ከሥሩ መለወጥ ይሻላል። የሹትል ሠራተኞች ይህን ዕድል አላገኙም። አምስት ብቻ ነበሩ፤ እያንዳንዷም ሰው የምትጭን። አንዷን ለሙከራ ሰጥቶ ሌላ መሥራት አይታሰብም ነበር።

ሦስተኛው ጥላሸቱ ነው። ፋልኮን የሚነዳው በተጣራ ነጭ ጋዝ ነው። የተመለሰው ሮኬት ጎኑ ጠቁሮ የምታዩት ለዚያ ነው። የውጩ ጥቁር መልክ ብቻ ነው፤ የሞተር ውስጡ ግን ይታሰብበታል። ያው ኩባንያ ለትልቁ ሮኬቱ፣ ለስታርሺፕ፣ ሚቴን የመረጠበት አንዱ ምክንያት ንጹሕ ሆኖ መንደዱ ነው። ስታርሺፕ ላይ ደግሞ ታይል ተመልሶ መጥቷል። የላይኛው ክፍል ከሙሉ የምሕዋር ፍጥነት እንዲመለስ ስለታሰበ ማምለጫ የለውም። ግን ልዩነቱን ተመልከቱ። ታይሎቹ ባለ ስድስት ጎን ናቸው፤ አብዛኛው አንድ ዓይነት ቅርጽ ነው። ብዙዎቹ በሙጫ ሳይሆን በፒን ይያዛሉ። አንዱ ቢሰበር ቁጥሩን ፈልጎ ለእሱ ብቻ ማስቀረጽ የለም። ይነቀላል፣ ሌላ ይገባል። ይህን የወሰነ ሰው የሹትልን ታይል ለጣፊዎች ድካም አጥንቶታል ብዬ አምናለሁ። ገና ግን ብዙ ይቀራቸዋል። ታይል እየወደቀባቸው፣ እየቀየሩ፣ እየሞከሩ ነው።

ረዳቴ "ታዲያ ዘጠኝ ቀን ከሆነ እኔ እንዳልኩት ሆነ ማለት አይደል?" ይለኛል። ወደዚያ እየሄደ ነው። ግን ነዳጅ መሙላት ብቻ ያልሆነበት ምክንያት ከላይ የጻፍኩት ሁሉ ነው። ዘጠኝ ቀን የተገኘው ፍተሻውን በመተው አይደለም። የተመለሱ ሮኬቶችን ብዙ መቶ ጊዜ ፈትሸው የትኛው ክፍል እንደሚያረጅ፣ የትኛው እንደማይነካ ስላወቁ ነው። የት ማየት እንዳለበት ያወቀ ሰው ቶሎ ይጨርሳል። ያላወቀ ሰው ቶሎ ከጨረሰ ያስፈራል።

እኔም ጋራዣችን ውስጥ አንድ ነገር ጀምሬያለሁ። ለእያንዳንዱ መኪና በታርጋው አንድ ደብተር። ምን ተፈታ፣ ማን ፈታው፣ የተቀየረው ዕቃ ምን ይመስል ነበር። የወጣውን አሮጌ ዕቃ ቶሎ አንጥልም፤ ተገላብጦ ይታያል፣ ይጻፋል። ባለቤቶቹ መጀመሪያ ጊዜ ይፈጃል ብለው ነበር። አሁን ደብተሩን ራሳቸው ይጠይቃሉ። ረዳቴ ጽሑፉ ያምራል፤ አብዛኛውን የሚጽፈው እሱ ነው። ኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የምትማሩ ልጆች ይህን የምታነቡ ከሆነ፣ መቅረጽና መሥራት ብቻ ሳይሆን ተፈትቶ እንዲታይ አድርጎ መሥራትን ከአሁኑ ልመዱ። አብሽሩ፣ እናንተ ትደርሱበታላችሁ።

አንድ የሚያሳዝነኝ ነገር ግን አለ። ሹትሎቹ በ2011 ሲቆሙ ዲስከቨሪ፣ አትላንቲስና ኢንደቨር ሙዚየም ገቡ። ሞተሮቻቸው ግን አልገቡም። በየበረራው እየወረዱ፣ በካሜራ ውስጣቸው እየታየ፣ እየታጠቡ፣ እየተፈረመላቸው ለዓመታት የኖሩት እነዚያው ሞተሮች ተቀምጠው ነበር። በኅዳር 2022 አራቱ አርቴሚስ 1 በሚባለው ጉዞ የናሳን አዲስ ሮኬት ወደ ጨረቃ አስነሱ። ያ ሮኬት አይመለስም። ሞተሮቹ ስምንት ደቂቃ ያህል ሠርተው ከነክፍላቸው ባሕር ገቡ። ሥራቸውን በትክክል ሠርተዋል፤ ያንን አልክድም። ግን ከመነሳት በፊት ያን ያህል የፈተሻቸው ሰው፣ ከበረራው በኋላም ፈትቶ ሊያያቸው ይገባ ነበር። ጨረቃ ድረስ የሚያደርስ ጭነት ገፍተው ውስጣቸው ምን ሆነ? ያንን አሁን የሚነግረን የለም።